«የደም አጓት»፦ ለአንድ የዐይን ሕክምና የስያሜ ሐሳብ

1. መግቢያ

ሥር ለሰደደ የዐይን ድርቀት ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ከታማሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጅ የዐይን ጠብታ ነው። በእንግሊዝኛ «ኦቶሎገስ ሴረም አይ ድሮፕስ» ይባላል። ስሙ ለሐኪሙ ምንም የሚያሻማ ነገር የለበትም። የበሽታውንና የሕክምናውን ስም አንድ ላይ ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዕር የሚያነሣ ተርጓሚ ግን በየቃሉ ላይ ቆም ማለት ግድ ይሆንበታል። «ድርቀት» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ የሆነ የዐይን ሕመምን ይጠራል፤ «ሴረም» በከተማው ገበያ ሌላ ዕቃ መጥሪያ ሆኗል፤ «የራስ» የሚለው አገናዛቢም ከአንገት በላይ ያለውን የሰውነት ክፍል ያመለክታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለነዚህ ጽንሰ ሐሳቦች የሚስማሙ የአማርኛ ስያሜዎችን መርምሮ ለውይይት ማቅረብ ነው። ጉዳዩ የቃል ማማረጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስያሜው የሚነገረው ለባለሙያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የውጭውን ቃል በግእዝ ፊደል ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ይህን ጠብታ ቤቱ ወስዶ፣ በማቀዝቀዣ አስቀምጦ፣ በየዕለቱ በገዛ እጁ ዐይኑ ውስጥ የሚጨምረው ታማሚው ነው። ስለዚህ የስያሜው ፈራጅ ከሐኪሙ ይልቅ መመሪያውን የሚያነብ ወይም የሚነበብለት ሰው ይሆናል። በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር በአስተርጓሚ የሚታከም ኢትዮጵያዊ የሚሰማው ቃል ወደ ተሳሳተ ነገር ከመራው፣ የሚጎዳው የማየት ችሎታው ነው።

2. ነገሩ ምንድን ነው?

ስያሜ ከመስጠት በፊት የነገሩን ባሕርይ ማወቅ ተገቢ ነው። ጤነኛ ዐይን ዘወትር በስስ የእንባ ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህም ልባስ በተለምዶ በሦስት ከፍሎ ይገለጻል። ከላይ ያለው በዐይን ቆብ ጠርዝ ላይ ከሚገኙ ዕጢዎች የሚወጣ ቅባት ሲሆን እንባው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። መካከለኛው ከእንባ ዕጢ የሚመነጭ ውሃማ ክፍል ነው። ከሥር ያለው ዝልግልግ ክፍል ደግሞ እንባው ከዐይን ገጽ ጋር ተጣብቆ እንዲቆይ ያደርጋል። ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ልባሱ ይታደሳል። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል የእንባው ሚዛን ይዛባል፤ ዐይን ይቃጠላል፣ ይቆረቁራል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል፣ እይታም ይደበዝዛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ጉባኤ ባወጣው ፍች መሠረት፣ የዐይን ድርቀት ብዙ መንሥኤዎች ያሉት የዐይን ገጽ በሽታ ሲሆን ዋና መለያው የእንባ ልባስ ሚዛን መጥፋት ነው። ከመንሥኤዎቹ መካከል የዕድሜ መግፋት፣ የዐይን ቆብ ዕጢዎች መደፈን፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ጭስና ደረቅ አየር፣ ሳይርገበገቡ ጽሑፍ ወይም የመሣሪያ መስኮት ላይ መዋል ይገኙበታል። ሰውነት የገዛ ዕጢዎቹን የሚያጠቃበት፣ በስዊድናዊው ሐኪም በሄንሪክ ሾግረን ስም የሚጠራው ሕመም ከከባዶቹ አንዱ ነው። ሾግረን ይህን ሕመም የገለጸበትን የዶክትሬት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1933 አቅርቧል። በአገራችን ደግሞ የቆየ ትራኮማ የዐይን ቆብን ውስጠኛ ገጽ አጠባስሶ፣ ዝልግልጉን ክፍል የሚያመነጩትን ሕዋሳት በማጥፋት ዐይንን ያደርቃል።

ሕመሙ ቀላል ሲሆን ሰው ሠራሽ እንባ ይበቃዋል። ሰው ሠራሽ እንባ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ቢሆንም በተፈጥሮ እንባ ውስጥ የሚገኙት የቁስል መጠገኛ ንጥረ ነገሮች የሉትም። እነዚህ ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ሕዋሳትን የሚያሳድጉ ፕሮቲኖች፣ ቫይታሚን ኤ፣ ፋይብሮኔክቲንና የመሳሰሉት፣ በደም ውስጥ አሉ። ከዚህ የተነሣ ሌላው ሕክምና ሳይረዳቸው ለቀረ ታማሚዎች ከደማቸው ጠብታ ማዘጋጀት ተጀመረ። ፎክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በጃፓን ደግሞ ጹቦታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለዚህ ሕክምና ያወጧቸው ጽሑፎች በሙያው የታወቁ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ግምገማዎች ጠብታው ለአጭር ጊዜ ሕመምን ሊያስታግሥ እንደሚችል ያመለክታሉ፤ ስለ ረጅም ጊዜ ጥቅሙ ያለው ማስረጃ ግን ቁርጥ ያለ አይደለም።

የአዘገጃጀቱ ሂደት ለስያሜው ቁልፍ ስለሆነ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። ከታማሚው ክንድ ደም ይቀዳል። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አይጨመርበትም፤ እንዲረጋ ይተዋል እንጂ። ከረጋ በኋላ በሚያሽከረክር መሣሪያ ውስጥ ይገባል። የረጋው ደም ከታች ይቀራል፤ ከላይ ጥርት ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ ይለያል። ይህ ፈሳሽ ከጀርም በጸዳ የሕክምና ፈሳሽ ይበረዛል፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ሲሆን 50 በመቶ ወይም ሳይበረዝ የሚሰጥበትም አለ። በመጨረሻም በትንንሽ ጠርሙሶች ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ለወራት ይቀመጣል። መበላሸትን የሚከላከል ኬሚካል ስለሌለበት፣ አንድ ጠርሙስ ከተከፈተ በኋላ አዘጋጁ ተቋም በወሰነው አጭር ጊዜ ውስጥ ማለቅ ወይም መጣል አለበት።

3. «ዐይነ ደረቅ» እና «የዐይን ድርቀት»

የእንግሊዝኛውን የበሽታ ስም ቃል በቃል የመለሰ ሰው «ደረቅ ዐይን» ይላል። ይህ ስያሜ በአማርኛ ችግር አለበት። እንደሚታወቀው በአማርኛ ዐይን የሐፍረት መቀመጫ ነው፤ የሚያፍር «ዐይን አፋር»፣ የማያፍር «ዐይን አውጣ» ይባላል። «ዐይነ ደረቅ» የሚለውም ከዚሁ ወገን ሲሆን ይሉኝታ የሌለው፣ ፊት ለፊት ሲዋሽ የማይደነግጥ ሰው መጥሪያ ነው። «ደረቅ ዐይን» በቃላት ቅደም ተከተል ቢለይም ከስድቡ እምብዛም አይርቅም። አንዲት እናት «ደረቅ ዐይን አለብዎት» ቢባሉ የሚሰሙት የሐኪም ቃል ሊሆን አይችልም።

ችግሩ ከዚህ አንድ ሐረግ ይሰፋል። «ደረቅ» ቅጽል ሆኖ ከስም ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ ከውሃ ማጣት ውጭ የሆነ ፍች ይይዛል። «ደረቅ ሰው» ግትር ነው፤ «ደረቅ ቼክ» ገንዘብ የሌለው ነው፤ «ደረቅ ወንጀል» ከፖለቲካ ጋር ያልተያያዘ ነው። ጥሬ ዘሩ «ድርቀት» ግን በአገናዛቢ ሲቀናጅ ግዙፉን ፍች ይጠብቃል፤ «የሆድ ድርቀት»፣ «የቆዳ ድርቀት» እንደሚባለው። ስለዚህ «የዐይን ድርቀት» የሚለው ስያሜ ከቋንቋው ጠባይ ጋር የሚስማማ በመሆኑ ሊጸና ይገባዋል። «ሥር የሰደደ» የሚለውም ቅጽል ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሕመም ከጥንት የነበረ ስለሆነ ሌላ መፍጠር አያስፈልግም።

ሆኖም ተርጓሚው ሁለት ነገሮችን መጠንቀቅ አለበት። አንደኛው በቫይታሚን ኤ እጦት የሚመጣው «ዜሮፍታልሚያ» ነው። የግሪክኛው ቃል ሥር ሲፈታ «ደረቅ» እና «ዐይን» የሚሉትን ይሰጣል፤ የቃሉን ሥር ብቻ የተከተለ ተርጓሚም ያንኑ «የዐይን ድርቀት» ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ዜሮፍታልሚያ በተለይ ሕፃናትን የሚያጠቃ የምግብ እጥረት ሕመም ሲሆን የመጀመሪያ ምልክቱ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ «ዳፍንት» የሚለው በምሽት የማየት ችግር ነው። ሕመሙ ሲጸና የዐይኑ ፊተኛ ክፍል በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል፤ መድኃኒቱም ሳይዘገይ የሚሰጥ ቫይታሚን ኤ ነው። ስለ አዋቂዎች የዐይን ድርቀት የተጻፈ ምክር በስያሜ መመሳሰል ምክንያት ለዳፍንተኛ ሕፃን ቢነበብ፣ ወላጅ ጠብታ ሲፈልግ ሕፃኑ ሊታወር ይችላል። ስለዚህ የሕፃናቱ ሕመም «የቫይታሚን ኤ እጦት የዐይን ሕመም» ቢባል ይሻላል። በዚህ ስያሜ መንሥኤውም መድኃኒቱም ይታወቃሉ።

ሁለተኛው በመጠይቆች ላይ የሚታይ ነው። የዐይን ድርቀት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ዐይኑ ያነባል። ልባሱ ሲሳሳ ዐይን ይቆጠቁጣል፤ ቁጥቆጣው የእንባ ዕጢን ይቀሰቅሳል፤ ውሃው ይፈስሳል እንጂ በዐይን ገጽ ላይ አይቆይም። በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለምሳሌ በጎፋ ሰፈር፣ በከሰል ጭስ አጠገብ ውላ የምትገባ ሴት «ዐይንሽ ይደርቃል?» ብትባል «ኧረ ያለማቋረጥ ያነባል» ብላ መመለሷ የሚጠበቅ ነው፤ መልሷ እውነት ሆኖ ሳለ መዝጋቢው «የለም» ብሎ ይጽፋል። በመጠይቅ ትርጉም የበሽታው ስም ሳይሆን ስሜቱ መጠየቅ አለበት፦ ይቆረቁራል? ያቃጥላል? አሸዋ የገባበት ይመስላል? ነፋስ ሲነካው ያነባል?

«የእንባ እጥረት» የሚለውን ስያሜ የሚመርጡ ይኖራሉ። ይህ ግን ለጠቅላላው በሽታ አይሆንም። እንባው በመጠን ሳያንስ ቅባቱ ስለተጓደለ ብቻ ቶሎ የሚተንበት ዐይነትም አለና። ስለዚህ «የዐይን ድርቀት» ጠቅላላ ስም ሆኖ፣ ከሥሩ «የእንባ ማነስ» እና «የእንባ ቶሎ መትነን» ቢመደቡ ጠቅላላውና ንኡሱ ይለያሉ።

4. «ሴረም» ወይስ «አጓት»?

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ በአማርኛው ውስጥ ያለውን ቃል፣ ቀጥሎ የግእዝን፣ ከዚያም የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን ሀብት መፈተሽ፣ በመጨረሻም መዋስ ነው። ስለ «ሴረም» ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው በመጨረሻው መጀመር ነው።

«ሴረም» የላቲን ቃል ነው፤ መነሻ ፍቹም ወተት ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ፣ ማለትም አጓት ነው። የጣልያንኛው «ሲዬሮ» እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይጠራል። ከእኛ ጋር በዘር የሚዛመዱት የሴም ቋንቋዎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በዐረብኛ «መስል» አጓትም ሴረምም ነው። የዘመናዊው ዕብራይስጥ «ናስዩቭ» የሚለው የሕክምና ቃልም በታልሙድ ዘመን የወተትን አጓት ይጠራ ከነበረ የአራማይክ ቃል የተወሰደ ነው። እነዚህ ሁሉ ቃሉን ከእረኛውና ከወተት ዕቃው ወስደው ለሐኪሙ ሰጥተዋል። አማርኛም ዕቃው በእጁ አለ።

ያውም አማርኛው ከሌሎቹ የበለጠ የተሟላ ነው። «ረጋ» የሚለው ግሥ ለወተትም ለደምም ያገለግላል። ወተት ሲረጋ «እርጎ» ይሆናል፤ ደም ሲረጋ «የረጋ ደም» ይባላል። አሬራ ሲሞቅ አይቡ ለብቻ ይጠቀለላል፣ አጓቱ ለብቻ ይለያል። በብልቃጥ ውስጥም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ፋይብሪን እንደ መረብ ሆኖ ሕዋሳቱን ይይዛል፣ ጥርት ያለው ፈሳሽ ይወጣል። ስለዚህ «የደም አጓት» ማለት በአማርኛ ለሚያስብ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የሚያውቀውን ነገር በሌላ ዕቃ ውስጥ ማየት ነው።

ዋናው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። በሕክምናው «ሴረም» እና «ፕላዝማ» የተለያዩ ናቸው። ፕላዝማ ደሙ እንዳይረጋ ተደርጎ የሚለይ ፈሳሽ ሲሆን የሚያረጉት ንጥረ ነገሮች አሁንም በውስጡ አሉ። ሴረም ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀር ነው። ከፕላዝማ የሚዘጋጅ የዐይን ጠብታም ስላለ ልዩነቱ በጽሑፍ መጠበቅ አለበት። «የደም ውሃ» ወይም «የደም ፈሳሽ» የሚሉት ስያሜዎች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። «አጓት» ግን በራሱ ይለያቸዋል፤ ሳይረጋ አጓት የለምና። ምንም ማብራሪያ ሳይጨመርበት ልዩነቱን የሚሸከም ሌላ የአማርኛ ቃል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። «ፕላዝማ» የሚለውን ግን በውሰትነቱ መተው ይሻላል፤ የሚመስለው ነገር በወተት ቤት የለም።

በ«አጓት» ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች ሦስት ናቸው።

ሀ. «ቃሉ ክብር የለውም፤ አጓት ለጥጃና ለውሻ የሚሰጥ ነው» ሊባል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ የቃል ማዕርግ በተቀባይነቱ ላይ ኀይል አለው። ይሁን እንጂ በዐይን ሕክምና ቋንቋችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል አስቀድሞ ገብቶ ተከብሮ ይኖራል። «የዐይን ሞራ» የሚለው ስያሜ ከታረደ ከብት ሆድ ዕቃ ከሚወጣ ስብ የተወሰደ ነው፤ ዛሬ ግን በሆስፒታል በር ላይ ቢጻፍ ማንም አይስቅም። «ንቅለ ተከላ» የሚለውም ከአትክልተኛ ሥራ የመጣ ነው። ቃል የሚከበረው በሚሠራበት ቦታ ነው።

ለ. «ታማሚው ወተት ዐይኑ ውስጥ የሚጨመር ይመስለዋል» የሚለው ሁለተኛው ነው። የታመመ ዐይን ላይ የእናት ጡት ወተት ጠብ የማድረግ ልማድ ስላለ ሥጋቱ መሠረት አለው። መልሱ «አጓት» የሚለው ቃል በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ «የደም» ከሚለው ተለይቶ ፈጽሞ እንዳይቆም ማድረግ ነው። በሁለተኛ መጠቀስም ቢሆን ማሳጠር አይገባም።

ሐ. «ሴረም ተለምዷል» የሚለው ሦስተኛው ነው። በቤተ ሙከራ ተለምዷል። ከቤተ ሙከራ ውጭ የተለመደው ግን በውበት ዕቃ መደብር ነው። በአዲስ አበባ «ሴረም» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፊት ላይ የሚቀባውን ቅባት ነው። «ዐይንዎ ውስጥ ሴረም ይጨምሩ» የሚል መመሪያ ለእንደዚህ ያለ ሰው በደረሰ ጊዜ ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ውሰቱ በባለሙያ ጽሑፍ አቻ ሆኖ ይቆይ፤ ለታማሚ በሚጻፈው ላይ ብቻውን መቆም የለበትም።

5. «የራስ»፣ «የገዛ»፣ «የለጋሽ»

«ኦቶሎገስ» የሚለው ቃል ሰጭና ተቀባይ አንድ ሰው መሆኑን ያመለክታል። «የራስ ደም አጓት» ቢባል «ራስ» የሚለው የሰውነት ክፍልም ስለሆነ ደሙ ከራስ ቅል የሚቀዳ ሊመስል ይችላል፤ ዐይን ያለውም ከዚያው ከራስ ላይ በመሆኑ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከግእዝ «ርእስ» ብንነሣ «ርእሰ ደም» የሚል ስያሜ ይገኛል፤ ግን «ርእሰ ከተማ»፣ «ርእሰ አንቀጽ» በሚሉት አምሳል የደም አለቃ ወይም ዋና ደም ይመስላል። የግእዝ ሀብት «ርእዮተ ዓለም»ን የመሰለ ጠንካራ ስያሜ ያስገኘ ቢሆንም ለዚህ ቦታ አይስማማም።

«ገዛ» የሚለው ግን ሌላ ፍች አያስከትልም። «በገዛ እጁ»፣ «የገዛ ልጁ» እንደሚባለው ባለቤትነትን አጽንቶ ይናገራል። ስለዚህ «የገዛ ደም አጓት» አጭርም ግልጽም ነው። ተቃራኒው ከሌላ ሰው ደም የሚዘጋጀው ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር የደምና የንቅለ ተከላ ብሔራዊ አገልግሎት ከታማሚው ከራሱም፣ ደሙን መስጠት ለማይችል ታማሚ ከለጋሽም ጠብታ ያዘጋጃል። «ደም ለጋሽ» የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ «የለጋሽ ደም አጓት» ያለ ችግር ይገባል።

6. «ጠብታ» እና በዙሪያው ያሉ ቃላት

«የዐይን ጠብታ» የሚለው የጸና ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው «ደም» ከሚለው ጋር ሲገናኝ ነው። ጽሑፍ ለማሳጠር «የደም ጠብታ» ቢባል፣ እስከ መጨረሻው የደም ጠብታ መታገልን የሚያስታውስ የጦርነት ቃል ይሆናል፤ ከዚያም በላይ ታማሚው ቀይ ደም ዐይኑ ውስጥ የሚንጠባጠብ ይመስለዋል። «አጓት» በመካከል መቆሙ ይህንንም ይከላከላል።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ አራት ነጥቦችን ማንሣት ይገባል።

አንደኛ፣ ጀርም የሌለበትን ነገር የሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል መውለድ የማይችልንም ይጠራል። በመዝገበ ቃላት ፊት የተቀመጠውን የመጀመሪያ ፍች ያነሣ ተርጓሚ «መካን ፈሳሽ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። «ከጀርም የጸዳ» የሚለው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ መበረዣውን «የጨው ውሃ» ብሎ መተርጎም አደገኛ ነው፤ በማድ ቤት የሚዘጋጅ ይመስላል። ማንኛውም ሰው ይህን ጠብታ በቤቱ ሊሠራው እንደማይችል ስያሜው ራሱ ማሳየት አለበት፤ የተበከለ ጠብታ የዐይንን ገጽ አቁስሎ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላልና። «ከጀርም የጸዳ ሳላይን» ቢባል ውሰቱ እዚህ ቦታ ላይ ይጠቅማል፤ ከቤተ ሙከራ የሚወጣ ነገር መሆኑን ያመለክታል። ማለትም ውሰት ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፤ ነገሩን ከቤት ማራቅ ሲፈለግ ባዕድ ቃል ጥሩ አጥር ነው።

ሦስተኛ፣ 20 በመቶ የሚለው መጠን በእንግሊዝኛ አንዳንድ ጊዜ «1 ለ4» ተብሎ ይጻፋል። ይህን «ከአራት አንድ» ብሎ የተረጎመ ሰው 25 በመቶ አድርጎታል። አማርኛ ለዚህ የቆየ አነጋገር አለው፦ «ካምስት እጅ አንዱ እጅ»። አንድ እጅ አጓት፣ አራት እጅ ሳላይን ማለት ነው።

አራተኛ፣ ጠብታው የሚጠግነው የዐይን ክፍል «ኮርኒያ» ነው። በ1995 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዐይን ባንክ ሥራ በመገናኛ ብዙኃን ሲነገር «የዐይን ብሌን ንቅለ ተከላ» መባሉ ተለምዷል። በቆየው አማርኛ ግን «ብሌን» በዐይን መካከል ያለውን ጥቁር ክፍል፣ አንዳንድ ጊዜም መላውን የዐይን ኳስ ይጠራል። በዚህ ምክንያት ዐይኑ ጨርሶ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ከልገሳ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ለታማሚ በሚጻፍ መመሪያ ውስጥ «ኮርኒያ፣ ማለትም ጥርት ያለው የዐይን ፊተኛ ገጽ» ብሎ አንድ ጊዜ መፍታት ከሁሉ ይሻላል።

እነዚህን ነጥቦች አንድ ላይ አድርጎ ለማሳየት የሚከተለው የመመሪያ ናሙና ቀርቧል፦

«ይህ የዐይን ጠብታ ከገዛ ደምዎ አጓት የተዘጋጀ ነው። ለሌላ ሰው አይስጡ፤ የሌላ ሰውም አይጠቀሙ። ጠርሙሶቹን በፍሪጅዎ የበረዶ ክፍል ያስቀምጡ። አንድ ጠርሙስ ብቻ አውጥተው በረዶው በራሱ እንዲቀልጥ ይተዉት፤ በእሳት ወይም በሙቅ ውሃ አያሙቁት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የጠርሙሱን አፍ ዐይንዎ አያስነኩ። ጠብታው ከደፈረሰ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይጣሉት። ዐይንዎ ቢቀላ፣ ቢያመዎ ወይም እይታዎ ቢቀንስ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።»

በዚህ ናሙና ውስጥ ያሉት ባዕድ ቃላት እንደ «ፍሪጅ» በየቤቱ የሚታወቁ ናቸው።

7. ከ«ነፋስ ስልክ» የሚገኝ ትምህርት

ስያሜው ጥሩ መሆኑ ብቻውን ይበቃልን? ለዚህ ጥያቄ በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኝ የአንድ ሰፈር ስም መልስ ይሰጣል። ከ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በአቃቂ አቅጣጫ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ በተቋቋመ ጊዜ፣ ያለ ሽቦ ድምፅና መልእክት የሚያስተላልፈው መሣሪያ «የነፋስ ስልክ» ተባለ። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ፍቹ «ሽቦ» ነው። እንግዲህ ሽቦ የሌለው መሣሪያ «የነፋስ ሽቦ» ተብሎ ተጠርቷል ማለት ነው። በጥሬ ፍቹ ሲመረመር ስያሜው እርስ በርሱ ይጋጫል። ለሰሚው ግን አንዳች ግጭት አልነበረበትም፤ «ስልክ» በአማርኛ ሽቦነቱን ትቶ መነጋገሪያ ሆኗልና። «አጓት የወተት እንጂ የደም አይደለም» ለሚል ተከራካሪ ከዚህ የተሻለ ምላሽ አይገኝም። ስያሜ የነገሩ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ሰሚውን ወደ ነገሩ የሚያደርስ መንገድ ነው።

የዚህ ስም ታሪክ ግን ሁለተኛ ክፍል አለው። «የነፋስ ስልክ» ግልጽና ከአገር ቃል የተሠራ ስያሜ ሆኖ ሳለ ሥራውን ለ«ሬዲዮ» ለቀቀ። ዛሬ የቀረው የሰፈርና የክፍለ ከተማ ስም ሆኖ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ነዋሪም ብዙ ጊዜ ምን ማለት እንደ ነበር አያስታውስም። መሣሪያውን በየዕለቱ የሚይዙት ባለሙያዎች፣ የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች፣ የሚጽፉት ጋዜጦች «ሬዲዮ» እያሉ ሲቀጥሉ ሕዝቡ ያወጣው ቃል የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ቃል በውበቱ ብቻ አይኖርም።

ከዚህ የምንማረው፣ ስያሜ አውጥቶ በመዝገበ ቃላት ማስፈር የሥራው እኩሌታ መሆኑን ነው። አካዳሚው በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ የድካም ፍሬ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ሐኪም ቤት የሚገባው ግን ነርሷ ስትናገረው፣ መድኃኒት ቤቱ በጠርሙሱ ላይ ሲለጥፈው፣ አስተርጓሚው በስልክ ሲደግመው ነው። «የደም አጓት»ም እንዲሁ ነው። በመመሪያ ወረቀቶች ላይ ካልታተመ፣ በሕክምና ትምህርት ቤት ከውሰቱ ጎን ካልተነገረ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ መጽሔት ገጽ ላይ ብቻ የሚገኝ ቃል ይሆናል።

8. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

የዐይን ድርቀት፦ የእንባ ልባስ ሚዛን ሲዛባ የሚመጣ የዐይን ገጽ በሽታ። «ደረቅ ዐይን» አይባልም። የሚቆየው «ሥር የሰደደ የዐይን ድርቀት» ይባላል።

የእንባ ማነስ፦ የእንባ ዕጢ በቂ እንባ ባለማመንጨቱ የሚመጣ የዐይን ድርቀት ዐይነት።

የእንባ ቶሎ መትነን፦ በቅባቱ መጓደል ምክንያት እንባው በዐይን ገጽ ላይ ባለመቆየቱ የሚመጣ የዐይን ድርቀት ዐይነት።

የቫይታሚን ኤ እጦት የዐይን ሕመም፦ ለዜሮፍታልሚያ። የመጀመሪያ ምልክቱ ዳፍንት ነው። ከዐይን ድርቀት ጋር አይቀላቀልም።

የእንባ ልባስ፦ ዐይንን የሚያለብሰው ስስ እንባ። «ሽፋን» የሚለው የዐይን ሞራን ስለሚያስታውስ አልተመረጠም።

የደም አጓት፦ ደም ከረጋ በኋላ የሚለይ ጥርት ያለ ፈሳሽ፤ በባለሙያ ጽሑፍ «ሴረም»። «የደም» የሚለው አይለየውም።

የገዛ ደም አጓት የዐይን ጠብታ፦ ከታማሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጅ።

የለጋሽ ደም አጓት የዐይን ጠብታ፦ ከሌላ ሰው ደም የሚዘጋጅ።

ሰው ሠራሽ እንባ፦ በፋብሪካ የሚዘጋጅ የዐይን ማለስለሻ ፈሳሽ። የደም አጓት ጠብታን አይጨምርም።

እነዚህ ስያሜዎች ውሳኔ ሳይሆኑ ሐሳቦች ናቸው። በተለይ በተለያዩ ክፍላተ ሀገር ለአጓትና ለመርጋት የሚነገሩ ሌሎች ቃላትን የሚያውቁ ተርጓሚዎች፣ እንዲሁም መመሪያዎችን ለታማሚ የሚያነቡ አስተርጓሚዎች፣ ቃሉ በሰሚ ዘንድ እንዴት እንደ ተቀበለ ቢገልጹ የስያሜው ሥራ በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በታማሚው ፊት የተፈተነ ይሆናል።